ከመቅደላ ካሜራ እስከ አርብ ገበያ ግድግዳ

ታሪክ ስንማር የምንማረው ስለ ማን ነው? ነገሥታቱ መቼ እንደ ነገሡ፣ የት እንደ ዘመቱ፣ በማን እጅ እንደ ወደቁ እናጠናለን፤ ለፈተና እንሸመድዳለን፤ ከፈተና በኋላ እንረሳዋለን። የነገሥታቱ ታሪክ ታሪክ አይደለም የሚል የለም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። በዚያው ዘመን ከዙፋንም ከጦር ሜዳም ርቆ፣ አርብ አርብ ገበያ ወጥቶ ጨውና በርበሬ ሸምቶ የሚመለሰው ሰው በምን ይደሰት ነበር? ልጁ ከሕመም ስትድንለት ምን አደረገ? ሚስቱን ከጎኑ አቁሞ «እዩን፤ እኛም አለን» ያለበት ቀን ነበረው ወይስ አልነበረውም? ዜና መዋዕሉ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አይተነፍስም። ጸሐፌ ትእዛዙም ለዚህ ሥራ አልተላከም።

እኔ ግን መዝገቡ አለ እላለሁ። ያለውም በቤተ መዛግብት ሳይሆን በየቤታችን ግድግዳ ላይ ነው፤ ከጣራው ሥር ወደ ፊት አዘንብሎ የተሰቀለው፣ ጭስ ያጠየመው፣ በአንድ መስተዋት ሥር አሥራ አምስት ሃያ ፎቶ ታጭቆ የሚታይበት ፍሬም። እንግዳ ሲመጣ ቡና እስኪፈላ ቀና ብሎ የሚያየው እሱን አይደል? «ይኸ ማነው? ይቺስ?» እየተባለ የቤቱ ታሪክ የሚነገረው ከሱ ሥር ተቁሞ ነው። ታዲያ ይህን መዝገብ ታሪክ ብለን የጠራነው ስንቶቻችን ነን?

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ነው፤ ብርሃንና መጻፍ ከሚሉት ቃላት ተጋጥሟል። የኛ ሰው ቃሉን እንዳለ ቢወስደውም ግሡን ከራሱ ሰጠው። ካሜራ የያዘው «ያነሣል»፤ ፊት ለፊቱ የቆመው «ይነሣል»። እስቲ ልብ እንበለው! በአማርኛ የተቀመጠ ይነሣል፣ የወደቀ ይነሣል፣ የሞተም ይነሣል። ትንሣኤ የሚለው ቃል ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። ፎቶ የተነሣ ሰው እንግዲህ ለአንድ አፍታም ቢሆን ከተቀመጠበት ተነሥቶ በታሪክ ፊት የቆመ ሰው ነው። ይህች ጽሑፍ የምትጠይቀው ይህ የመነሣት ዕድል ለማን፣ መቼና በምን መንገድ እንደ ደረሰ ነው።

፩. ካሜራው ከሠራዊት ጋር መጣ

ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር ዘዴውን ለዓለም ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ ካሜራ በተደራጀ መልክ ወደ አገራችን ገባ። አገባቡ ግን እንደ እንግዳ አልነበረም፤ የእንግሊዝ ጦር ጓዝ ሆኖ ነው።

ነገሩ ለጋይንት ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ሲጓዙ መንገዳቸው በጋይንት አልፎ፣ ጨጨሆን ተሻግሮ ወደ ቤተ ሖር፣ ከዚያም ወደ ዋድላና ወደ ደላንታ ነበር። ገደል እየተናደ፣ ቋጥኝ እየተፈነቀለ፣ መንገድ እየተጠረገ ያ ከባድ ብረት መቅደላ የደረሰው ከወራት ድካም በኋላ ነው። ያን መድፍ የጎተተው ማን ነበር? ስሙ የማይታወቅ ወታደርና ገበሬ አይደለም እንዴ? ያን ጉዞ ያየ ካሜራ ግን አልነበረም።

ካሜራው በሌላ አቅጣጫ እየመጣ ነበር። የጄኔራል ናፒዬር ሠራዊት ከባሕር ጠረፍ ከዙላ ተነሥቶ፣ 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆን አስከትሎ፣ በሰንዓፌና በዐዲግራት ወደ ደቡብ ሲወርድ ከመሐንዲሶቹ መካከል ፎቶግራፍ የማንሣት ሥራ የተሰጣቸው ነበሩበት። ካርታ ገልብጠው ያባዙ ነበር፤ የተራራውን፣ የሰፈሩን፣ የመኰንኖቹንና የምርኮኞቹን ምስል አነሡ። ዛሬ ታች ጋይንትን ከወሎ የሚለየው በሽሎ ወንዝ፣ ከማዶው ወደ ምሥራቅ ሲሉ መቅደላ ናት። እንግዲህ ከአገራችን ቀደምት ፎቶግራፎች አንዳንዶቹ የተነሡት ከጋይንት ደጅ ብዙም ሳይርቅ ነው ማለት ነው። ነገር ግን የጋይንት እናት ልጇን ታቅፋ አልተነሣችባቸውም።

ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱም አልተነሡም። የአፄ ቴዎድሮስ የታወቀ ፎቶግራፍ የለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ የሞተ ፊታቸውን በእጁ ሣለ። በሕይወት ሳሉ የነበረውን ፊት ካሜራ አልደረሰበትም።

ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን ተነሥቷል፤ ደጋግሞ ተነሥቷል። የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። አባቱ መቅደላ ላይ ወደቁ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕሩ ሲጓዙ በመንገድ ዐረፉ። እሱ ባሕር ተሻግሮ በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት በታወቀችው ፎቶ አንሺ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ። ከጎኑ የሚታየው አባት ሳይሆን ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። ያን ምስል ያየ ሁሉ ስለ ሐዘኑ ይናገራል። ዓይኖቹን ብቻ ማየት ይበቃል። ከሥነ ጥበብ አንፃር ድንቅ ፎቶ ነው፤ ነገር ግን ቤተሰብ የሌለበት የቤተሰብ ፎቶ ነው። የፎቶግራፍ ታሪካችን አንዱ መነሻ ይህ መሆኑን መዘንጋት የለብንም፤ ካሜራው ያነሣው ደስታችንን ሳይሆን የተወሰደብንን ነበር።

፪. ከዚያ ቤተ መንግሥት ገባ

ቀጥሎ የመጣው የቤተ መንግሥቱ ዘመን ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የአፄ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነ። ልጆቹ ሀይጋዝና ቶኒ ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አደረሱት። ኋላም እንደ ሽመልስ ደስታ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሙያውን ይዘው በቤተ መንግሥቱ ሠርተዋል።

በዚያን ጊዜ ፎቶ ማለት ሥልጣን ማለት ነበር። ካባና ለምድ፣ ዘውድና ጎራዴ፣ በግራና በቀኝ የቆሙ ባለሟሎች! ፎቶ መንግሥትን ሊያቆም ይችላል፤ ሊጥልም ይችላል ተብሎ ይታመን ነበር። በ1909 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ሲወርዱ «በእስላም ልብስ የሚያሳይ ፎቶ ተቀናብሮ ተሠራጭቷል» የሚለው ነገር እስከ ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎች መነጋገሪያ ነው። እውነት ሆነም ሐሰት፣ ወሬው ራሱ ሰው ፎቶን ምን ያህል ይፈራ እንደ ነበር ይመሰክራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የድሮ ፎቶዎቻችንን ስናይ «ለምን አይስቁም? ለምን እንደ ግንድ ተገትረው ፊት ለፊት ያፈጣሉ?» እንላለን። አንዱ ምክንያት ካሜራው ነው። የጥንቱ ካሜራ ብርሃን ለመሰብሰብ ጊዜ ይፈልግ ስለ ነበር የተነቃነቀ ሰው ይደበዝዛል። ሁለተኛው ምክንያት ግን የኛው ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሳንና ደጋግ ሰዎች በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ክፉ ሰው ግን ወደ ጎን ዞረው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። በዚህ ሥዕል ሥር ያደገ ሰው ካሜራ ፊት ሲቆም ሁለት ዓይኑን መስጠቱ፣ ትከሻውን ማቅናቱ፣ ጥርሱን መክደኑ ምኑ ይገርማል? «እኔ ደግ ሰው ነኝ» ማለቱ ነው እኮ! አለመሣቁ ደስታ ስለ ሌለው አይደለም። ደስታውን በክብር መያዙ ነው።

፫. ካሜራው ወደ ገበያ ወረደ

ካሜራን ከባለ ሥልጣን እጅ ያወጣው የዋጋው መርከስ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን እ.ኤ.አ. በ1888 ኮዳክ የተባለውን ካሜራ አወጣ፤ በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለችው የልጆች ካሜራ በአንድ ዶላር ተሸጠች። ቤተሰብ የራሱን ደስታ በራሱ እጅ ማንሣት የጀመረው ያኔ ነው። በአፍሪካ ምድር ደግሞ ማሊያዊው ሴይዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ላይ ስቱዲዮ ከፍቶ የከተማውን ሰው ሁሉ አነሣ። ለሚነሣው ሰው የሚለብሰው ኮት፣ የሚያስረው ሰዓት፣ የሚይዘው ሬዲዮ ያውሰው ነበር። «ውሸት ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። የለም! ሰው ያለውን ብቻ ሳይሆን የተመኘውንም ማሳየት መብቱ ነው። የምኞት ታሪክም ታሪክ ነው።

በኛም አገር እንዲሁ ሆነ። በየከተማው ፎቶ ቤት ተከፈተ፤ ከጀርባ የተቀባ መጋረጃ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ የላስቲክ አበባ። ጓደኛሞች ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው፣ ሙሽሮች አፍረው፣ ተማሪው እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ፣ ወታደሩ መለዮውን አስተካክሎ ተነሡ። ከጀርባው «ለማስታወሻ» ተብሎ ተጻፈ። ስቱዲዮ ወደሌለበት አገር ደግሞ የሳጥን ካሜራ ሄደ።

ይህ ገጽ በስቴንስል የሚባዛ ስለሆነ ፎቶ አይወጣበትም፤ ስለዚህ አንድ ፎቶ በቃል ላሳያችሁ። አርብ ገበያ፣ ታች ጋይንት፣ በዘመዶቼ ቤት ግድግዳ ላይ ያለ ነው። የመዳፍ ያህል ነው፤ ጠርዙ በመቀስ ስለ ተቆረጠ አንዱ ጎን ጠማማ ነው። አንድ ሰው፣ አንዲት ሴት፣ በመካከላቸው አንዲት ትንሽ ልጅ። ሰውየው ጋቢውን በትከሻው ላይ አጣፍቶ የግራ እጁን ወደ ፊት አውጥቷል፤ ሰዓት አስሯላ! ሴትየዋ ነጠላዋን አስተካክላ ቆማለች፤ ፊቷ ኮስታራ ነው፤ የከንፈሯ ዳር ግን ሊያመልጣት ምንም አልቀረው። የልጅቱ ቀኝ እጅ አይታይም፤ በእጁ ፋንታ ያለው እንደ ጭስ የደበዘዘ ነገር ነው። ከጀርባው በእርሳስ «ጥር 1964» ይላል።

ሴትየዋ አያቴ ናቸው። አንድ ቀን ፍሬሙን አውርጄ ጠየቅኋቸው።

«እምዬ፣ ይህን የት ተነሡት?»

«እዚሁ ገበያው ዳር ነዋ፣ ልጄ። ከደብረ ታቦር በበቅሎ የመጣ ሰው ነበር፤ ባለ ሦስት እግር ሳጥን ይዞ። ሰው ዙሪያውን ከቦ ገበያው ተፈታ ብልህ ይሻላል።»

«ለምን ተነሣችሁ?»

«እናትህ ከኩፍኝ ድና ነው። ሞተች ብለን ተስፋ ቆርጠን ነበር። አያትህ በግ ሸጦ ሲመለስ 'ነይ ልጅቱን አምጫት፤ እንነሣ' አለኝ። ገንዘቡ ለጨው ነበር እኮ! ጨዉን ትተን ተነሣን።»

«ሰዓቱስ?»

ሣቁ። «የሰው ነው። የጠጅ ቤቱ ባለቤት ነው ያዋሰው። ቆሞ ነበር አሉ፤ አይሠራም። ፎቶ ላይ ማን ያውቃል?»

ከዚያ የነገሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የሳጥን ካሜራ አሠራሩ እንዲህ ነው። ፎቶ አንሺው መጀመሪያ ምስሉን የሚቀበለው ብርሃን በሚሰማው ወረቀት ላይ ነው። እጁን በጨርቅ እጅጌ ወደ ሳጥኑ አስገብቶ በጨለማው ውስጥ ወረቀቱን በመድኃኒት ነክሮ ያወጣዋል። ይህ የመጀመሪያው ወረቀት ግን ግልብጥ ነው፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ያን ወረቀት ከሌንሱ ፊት አቁሞ እንደገና ሲያነሣው ነው ትክክለኛው መልክ የሚመጣው። በመጨረሻም በባልዲ ውኃ ይታጠባል።

«መጀመሪያ ያሳየን ነጠላዬ ጠቁሮ ነው» አሉኝ አያቴ። «በድንጋጤ ክው አልኩ። ልጄ ገና ከሞት አፍ ወጥታ፣ እኔ ጥቁር ለብሼ! 'ምን ያለ ሟርት ነው?' ብዬ ልሄድ ስል ሰውየው 'ቆዩ፣ እናቴ፤ ገና አላለቀም' አለኝ። ቆየሁ። ከባልዲው ሲያወጣው ነጠላዬ ነጭ ሆነ። እልል ብዬ ሰው ሁሉ ሣቀብኝ።»

«የእናቴ እጅስ የት ሄደ?»

«ሰውየው 'አትነቃነቁ' ብሎን ነበር። ዝንብ አፍንጫዋ ላይ አረፈባት! አያትህ ተናደደ፤ 'ገንዘቤ ጠፋ' አለ። እኔ ግን በልቤ 'ተመስገን' አልኩ። ሳምንት ሙሉ ዝንብ እንኳ ለማባረር አቅም አጥታ የተኛች ልጅ ናት።»

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ይህን የደበዘዘ እጅ ምን እንበለው? ባለሙያ ቢያየው የተበላሸ ፎቶ ነው ይላል። እኔ ግን ከዚያ እጅ የበለጠ የደስታ ሰነድ አላውቅም። አንዲት ልጅ ድናለች፤ ማስረጃውም አርፋ አለመቆሟ ነው። በዚያ ዓመት በአገሪቱ ምን እንደ ተደረገ መጻሕፍት ይነግሩናል፤ አርብ ገበያ ላይ አንድ ገበሬ የጨው ገንዘቡን ለደስታ እንዳዋለ የሚነግረን ግን ይህ የተጣመመ ወረቀት ብቻ ነው።

፬. ሌላው ካሜራ

ይህ ፎቶ ከተነሣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሌላ ዓይነት ካሜራ መጣ። ጥቅምት 1966 ዓ.ም እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሀብ በቴሌቪዥን ለዓለም አሳየ። ደርግም ያን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር አቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ለሕዝቡ አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱን አወረደ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም ደግሞ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ያነሣው፣ ማይክል በርክ የተናገረው የኮረም ረሀብ በቢቢሲ ተላለፈና ዓለምን አስለቀሰ።

ያ ካሜራ ነፍስ አድኗል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። እህል ያመጣው፣ ዓለምን ያንቀሳቀሰው እሱ ነው። ነገር ግን ሌላም ነገር አድርጓል። ረሀብ ወሎን፣ ትግራይን፣ የኛንም የበጌምድር ደጋና ቆላ ሲመታ፣ ሰዎቻችን በዓለም ፊት የቆሙት ለመጀመሪያ ጊዜ ተጎሳቁለው፣ ተራቁተው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስማቸው ሳይጠራ ነው። ማንም «እንነሣ» አላለም፤ ተነሡ እንጂ። ነጠላ የሚያስተካክል፣ ሰዓት የሚዋስ ጊዜ አልነበረም።

ከነዚያ ፊቶች አንዷ የትግራይዋ ሕፃን ብርሃን ወልዱ ናት። በ1977 ዓ.ም ሞት አፋፍ ላይ ሆና በካናዳ ቴሌቪዥን ካሜራ የተነሣችው ሕፃን ለዓመታት ለዓለም ስም የሌላት የረሀብ ፊት ሆና ኖረች። በሕይወት ተርፋ፣ አድጋ፣ በ1997 ዓ.ም ለንደን ላይ በላይቭ 8 የሙዚቃ መድረክ ስትቆም ግን ፊቱ ስም አገኘ። የአንድ ምስል ትርጉም ከሥሩ ስም ሲጻፍ እንዴት እንደሚለወጥ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አለ?

እኔ የምለው አንዱን ፎቶ በሌላው ሰርዙ አይደለም። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን ዓለም አንዱን ብቻ አየ፤ ይባስ ብሎ እኛም ራሳችን አንዱን ብቻ ማመን ጀመርን። የገጠር ወላጆቻችንን ሕይወት ስናስብ ችጋርና ድካም ብቻ የሚታየን ከሆነ፣ በራሳችን ዓይን ሳይሆን በሰው ሌንስ እያየናቸው ነው። እነሱ ግን ራሳቸውን ያዩት በሌላ መልክ ነበር፤ ማስረጃውም ግድግዳው ላይ ነው።

፭. የደስታ ፎቶ ምስክር ሲሆን

የደስታ ፎቶ ዕጣው ብዙ ነው። በኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ልብስ ወጥቶ እየታየ ሙሾ ይወርድ ነበር፤ ዛሬ ፎቶውም ይወጣል። ያ በገበያ ዳር፣ በሠርግ ቀን፣ በአዲስ ሸሚዝ የተነሣው ፎቶ ነው ደረት እየተመታበት የሚዞረው። ሰው ለሐዘን ብሎ ፎቶ አይነሣም። ለደስታ የተነሣውን ሐዘን ይወርሰዋል እንጂ።

በቀይ ሽብር ዘመን ደግሞ የጓደኞች ፎቶ ማስረጃ ይሆናል ተብሎ ተፈራ፤ ከመጽሐፍና ከደብዳቤ ጋር ወደ እሳት የተጣለው ፎቶ ስንት እንደሆነ ማን ቆጥሮት? የተረፈው ግን መሰከረ። በ2002 ዓ.ም በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ዳር የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የጎበኘ ያውቀዋል፤ ግድግዳው በፎቶ ተሞልቷል። አፍሮ ያበጠሩ ወጣቶች፣ ሰፊ ኮሌታ የለበሱ ተማሪዎች፣ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያሉ። እነዚያ ፎቶዎች ሲነሡ ለሙዚየም አልነበረም፤ ለጓደኛ፣ ለእናት፣ ለእጮኛ ነበር። ዛሬ ግን «ይህ ሰው ነበረ፤ ወጣት ነበረ፤ ቆንጆ ነበረ» ብለው ይከራከራሉ። ለፍርድ ከሚቀርብ ምስክር ሁሉ ይህን የሚያህል የት ይገኛል?

ደግነቱ ይህን የተረዱ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለ የፎቶ መጽሐፍ ወጥቷል። ፊሊፕ ሹትስ፣ ወንጌል አበበና ናፍቆት ገበየሁ ከአዲስ አበባ ነዋሪዎች አልበም እየለመኑ የሰበሰቡት ነው፤ ሠርጉ፣ ሽርሽሩ፣ የትምህርት ቤቱ ጊቢ፣ አዲስ መኪና ተደግፎ የቆመው ጎረምሳ። ንጉሥ የለበትም፤ ጦር የለበትም። ነገር ግን የከተማዋን የሃምሳ ዓመት መልክ ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከ2003 ዓ.ም ጀምሮም ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ኢትዮጵያን በራሷ ልጆች ሌንስ ለማሳየት በር ከፍቷል። ይህ ሁሉ ግን አዲስ አበባ ነው። የጋይንት፣ የስማዳ፣ የእስቴ አልበም የት አለ? ማን ለመነው? ማን ሰበሰበው?

፮. እርሳስ

አንድ ሰው «አሁንማ ሁሉም ስልክ ይዟል፤ በቀን መቶ ፎቶ ይነሣል፤ ምን ችግር አለ?» ይለኝ ይሆናል። ችግሩ እዚያው ላይ ነው። መቶ ፎቶ ያለበት ስልክ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ መቶውም አብሮ ይወድቃል። ግድግዳው ላይ ያለው የ1964ቱ ፎቶ ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖሯል፤ ባትሪም መስመርም አልጠየቀም።

እሱም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ፀሐይ ያነጣዋል፤ የምድጃ ጭስ ያጠይመዋል፤ የክረምት እርጥበት ከመስተዋቱ ጋር ያጣብቀዋል። ከዚህ ሁሉ የባሰው ጦርነት ነው። ነሐሴ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ላይ ጋይንት ነፋስ መውጫ ድረስ እንደ ዘለቀ እናስታውሳለን። ቤቱን ጥሎ የሚሸሽ ሰው ልጁን ይይዛል፣ እህሉን ይይዛል፤ ፍሬም የሚያወርድበት ጊዜ ከየት ያመጣል?

ይሁንና ፎቶን ከእሳትና ከውኃ ይበልጥ የሚያጠፋው ስም ማጣት ነው። ወረቀቱ ይቆያል፤ «ይኸ ማነው?» ስንል የሚመልስ ሰው ሲሞት ግን ፎቶው ዲዳ ይሆናል። በየግድግዳው ስንት ፊት አለ መሰላችሁ፣ ያየነው ሁሉ «የድሮ ዘመድ ነው መሰል» ብለን የምናልፈው? ስሙን የሚያውቁት አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ ለክረምት ዕረፍት እስክንመለስ ላይጠብቁን ይችላሉ።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ጥናት ቡድን ይቋቋም፣ ባጀት ይመደብ አልልም። ለፋሲካም ይሁን ለክረምት ወደየአገራችን ስንገባ ፍሬሙን እናውርድ። ቡና ይፈላ፤ አያቶቻችን ይቀመጡ። አንድ በአንድ እንጠይቅ፤ ይህ ማነው? የማን ልጅ ነው? የት ተነሣ? ልብሱ የራሱ ነው የተዋሰው? ለምን ተነሡ? ያን ቀን ምን ሆኖ ነበር? የመጨረሻዋን ጥያቄ አደራ እንዳትዘሏት፤ ታሪኩ ያለው እሷ ውስጥ ነው። መልሱን በፎቶው ጀርባ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ። እስክሪብቶ አይሁን፤ ቀለሙ በጊዜ ብዛት ይሰርግና ፊት ያበላሻል። ከመስተዋቱ ጋር የተጣበቀውን በጉልበት አትላጡት፤ ከነመስተዋቱ ተዉት። ከዚያ ፎቶውን በር አጠገብ ጥላ ላይ አስቀምጣችሁ ያለ ፍላሽ በስልካችሁ አንሡት። አንዱን ቅጂ ለራሳችሁ ያዙ፣ አንዱን ለእኅት ወንድም ላኩ።

ምናልባት ከዓመታት በኋላ ከመካከላችን አንዱ የታሪክ መምህር ይሆናል፤ የጋይንትን ታሪክ ይጽፋል። ስለ ሴባስቶፖል ይጽፋል፤ ስለ ጨጨሆ፣ ስለ በሽሎ፣ ስለ ድርቁና ስለ ጦርነቱ ይጽፋል፤ መጻፍም አለበት። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ግን አንድ ገጽ ለተዋሰው ሰዓት፣ ለነጣው ነጠላና ዝንብ ላባረረው እጅ ይተው። እርሳሱን ደግሞ ዛሬውኑ ሻንጣችሁ ውስጥ ክተቱ።